በኩብሪክ ፊልሞች ውስጥ የተደበቀው ምልክት፦ እርሱ ያስቀመጠው የቱ ነው፣ እኛ ያመጣነውስ?

የአምስቱ በር ልጅ (ሐረር)
እሑድ፣ ከቀኑ 10፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ከአክስቴ ልጆች ጋር ቁጢ ስንጠጣ አንደኛው በስልኩ አንድ ቪዲዮ ከፍቶ አሳየን። የፊልም ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ የአፖሎ 11ን የጨረቃ ጉዞ በስቱዲዮ ቀርጾ ዓለምን አታለለ፤ በኋላ ግን ኅሊናው ስለወቀሰው እ.ኤ.አ. በ1980 በሠራው «ዘ ሻይኒንግ» ውስጥ ኑዛዜውን በምልክት ደበቀ ይላል። ማስረጃ ተብለው የቀረቡት ሁለት ነገሮች ናቸው። ትንሹ ልጅ ዳኒ በለበሰው ሹራብ ላይ «አፖሎ 11» የሚል ሮኬት አለ። ማንም እንዳይገባበት የተከለከለው ክፍል ደግሞ በስቴፈን ኪንግ ልብ ወለድ 217 ሲሆን በፊልሙ 237 ሆኗል፤ ጨረቃ ከምድር የምትርቀው 237 ሺህ ማይል ነው ተብሏልና። ቪዲዮው ሲያልቅ ልጆቹ ዝም አሉ። ታናሹ «እንግዲህ ማንን ማመን ይቻላል?» ብሎ ጠየቀኝ። እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ጥያቄ ነው።

ፊልሙን እወደዋለሁ። መጀመሪያ ያየሁት ተማሪ ሳለሁ፣ ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት ነው። በረዶ የዋጠውን ሆቴል ላብ እያጠመቀን አየነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደደጋገምሁት አላውቅም።

ምልክት ማንበብም እንጀራዬ ነው፤ ጁገል ውስጥ እንግዳ አስጎበኛለሁ። ሰው ይዤ ወደ አንድ የሐረሪ ቤት ስገባ፣ ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ በዚያ ቤት ለትዳር የደረሰች ልጅ እንዳለች አስረዳለሁ። አምስቱን መደቦች አሳያለሁ፤ ታላቁ ከየት፣ ታናሹ ከየት እንደሚቀመጥ እናገራለሁ። የወለሉ ቀይ አፈር እ.ኤ.አ. በ1887 ጨለንቆ ላይ የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ሲሉ አባቶች የነገሩኝን አስተላልፋለሁ። ምንጣፉን የሰቀለችው እናት ለምን እንደሰቀለችው ታውቃለች፤ ለልጁ ሚስት የሚፈልግ ጎረቤትም ሲያየው ይገባዋል። ምልክት የምለው ይህን ነው፤ ያኖረው ሰው አለ፣ የሚያነበው ሰው አለ፣ ሁለቱም ይግባባሉ።

ራምቦ ቤት ስንደርስ ሌላ ነገር ይገጥመኛል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር እንደገባ የታወቀ ነው። ቤቱን ግን ከእርሱ ሞት በኋላ ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው። አንዲት እንግዳ ባለቀለሙን መስኮት ነክታ «በዚህ በኩል ነበር የሚያየው» ብላ ስታለቅስ ቆሜ አይቻለሁ። እንባዋ እውነተኛ ነው። መስኮቱ የእርሱ አይደለም።

በኩብሪክ ላይ የሚሆነውም ይህ ይመስለኛል። የክፍሉን ቁጥር እንኳ ብንወስድ፣ የሆቴሉ ውጫዊ ገጽታ የተቀረጸው በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት በሚገኘው ቲምበርላይን ሎጅ ነው። እዚያ 217 ቁጥር ያለው ክፍል ስላለ፣ ፊልሙን ያየ እንግዳ ማደር እንዳይፈራ የሆቴሉ ሰዎች ቁጥሩ እንዲለወጥ ጠየቁ። 237 የሚባል ክፍል የላቸውም። ጨረቃም ብትሆን አማካይ ርቀቷ 384,400 ኪሎ ሜትር፣ በማይል 239 ሺህ ገደማ ነው፤ ስትቀርብና ስትርቅ ደግሞ በብዙ ሺህ ማይል ይለያያል።

ስለ ሥራዎቹ የምታውቁትን ጻፉልኝ። ልጆቹን ሐሙስ አገኛቸዋለሁ፤ ባዶ እጄን መሄድ አልፈልግም።


ፎቶ ቤት፣ ከዚራ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡40

እህቴ፣ ጥያቄሽ ሙያዬን ስለነካ ዘለግ አድርጌ ልጻፍ። አባቴም እኔም ድሬዳዋ ውስጥ ፎቶ ስናነሣ ነው የኖርነው። ኩብሪክም መነሻው ፎቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሲሞቱ፣ በሞታቸው ዜና በተሞሉ ጋዜጦች መካከል አንገቱን የደፋ ጋዜጣ ሻጭ አነሣና ለ«ሉክ» መጽሔት ሸጠው፤ ገና የትምህርት ቤት ልጅ ነበር። ስለዚህ ሰውየውን በፎቶ አንሺ ዓይን ማየት ይገባል።

ቪዲዮዎቹ «ፍሮንት ፕሮጀክሽን» የሚባለውን ዘዴ እንደ ጥንቆላ ያነሡታል። እንዲህ ነው የሚሠራው። ከተዋናዩ ኋላ እንደ መንገድ ምልክት ብርሃንን በመጣበት የሚመልስ ሸራ ይዘረጋል። ከካሜራው ፊት ደግሞ ግማሹን ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ግማሹን የሚመልስ መስታወት በ45 ዲግሪ ያዘነብላል። ከጎን የቆመ ፕሮጀክተር ምስሉን በመስታወቱ ላይ ይለቅቃል፤ ምስሉ ሸራው ዘንድ ደርሶ ቀጥታ ወደ ሌንሱ ይመለሳል። የተዋናዩ ጥላ ሸራው ላይ ያርፋል፤ ካሜራው ግን አያየውም፤ ራሱ ተዋናዩ ጥላውን ይከልለዋልና። ኩብሪክ በሠራው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» መጀመሪያ ላይ የምናየው በረሃ ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው አገር የተነሣ ፎቶ ነው፤ ዝንጀሮ መሰሎቹ ተዋናዮች ግን እንግሊዝ አገር ስቱዲዮ ውስጥ ነበሩ። የነብሩ ዓይን እንደ ፋኖስ የሚበራው የፕሮጀክተሩ ብርሃን ስላረፈበት ነው። ይህን ሳውቅ ለቀናት ደስ ብሎኝ ሰነበትሁ።

ታዲያ ይህን የቻለ ሰው ጨረቃን ማስመሰል አይችልም ወይ? እስቲ የ«2001»ን የጨረቃ ተራሮች ተመልከቱ፤ እንደ ጅብ ጥርስ የሾሉ ናቸው። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. አፕሪል 1968 ነው፤ በዘመኑ ሠዓሊዎች ጨረቃን የሚስሏት እንዲያ ነበር። አፖሎ 11 ጁላይ 20 ቀን 1969 ካረፈ በኋላ ባሉት ጉዞዎች ያየናቸው ተራሮች ግን የተለሰኑ፣ ክብ ክብ ያሉ ናቸው። ያው ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ የራሱን ጨረቃ ክዶ፣ ማንም ያልጠበቀውን ሠርቶ በትክክል ገጠመለት ማለት ነው?

ስለ አቧራም ልናገር፤ ድሬዳዋ የሚኖር ሰው አቧራ ያውቃል። ባጃጅ በኮረኮንች ላይ ሲያልፍ የሚነሣው አቧራ አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል፤ የተሰጣ ልብስ ላይ እስኪያርፍ ጊዜ ይወስዳል። በአፖሎ 16 ፊልም ላይ የጨረቃዋ መኪና ጎማ የሚበትነው አቧራ ወደ ላይ ተወርውሮ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ቅስት ሠርቶ ይወድቃል። ደመና አይሠራም። ይህን ለማስመሰል የስቱዲዮውን አየር በሙሉ መምጠጥ ያስፈልጋል።

የሌንሱ ነገር ደግሞ የሚያናድደኝ ነው። «ባሪ ሊንደን»ን (እ.ኤ.አ. 1975) በሻማ ብርሃን የቀረጸበትን ሌንስ ናሳ «ለውለታው ከፈለው» ይላሉ። የጀርመኑ ዛይስ ፋብሪካ ለናሳ የጨረቃ ፕሮግራም 10 ሌንሶች ሠራ፤ 50 ሚሊሜትር፣ የብርሃን ቀዳዳቸው 0.7፣ ማለትም እጅግ ሰፊ። ከእነዚያ ሦስቱን ኩብሪክ ገዛ። ሌንሱ በተራ የፊልም ካሜራ ላይ ስለማይገጥም ካሜራው ተፈልፍሎ ተሻሻለ። በዚህ ቀዳዳ ላይ ጥራት የሚይዘው ርቀት በጣም ጠባብ ስለሆነ ተዋናዩ ትንሽ ወደፊት ካዘነበለ ፊቱ ይደበዝዛል። ስለዚህ ከጎን ሌላ የቪዲዮ ካሜራ አቁመው ርቀቱን በስክሪን ላይ እየተከታተሉ ትኩረቱን ያስተካክሉ ነበር። በዚያ ፊልም ውስጥ ሰዎቹ እንደ ሥዕል ረግተው መቀመጣቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጉቦ ነው የሚሉት ሌንስ ብዙ ሰዎች የለፉበት ሥራ ነው። ላብን ሰርቆ ለሴራ መስጠት እንደ ባለሙያ ያመኛል።


የባቡር ሠራተኛ ልጅ (ድሬዳዋ)
እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡05

ጋሼ፣ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ስለ አቧራው ያሉት አሳስቦኛል። ሆኖም እናንተ ሁላችሁ ከአንድ ቦታ ትነሣላችሁ፤ ባለሥልጣን አይዋሽም ከሚል።

አባቴ ዕድሜውን በባቡር ሥራ ጨረሰ። ጡረታ ሲወጣ አንድ መሥሪያ ቤት «ፋይልህ ጠፍቷል» ብሎ 4 ዓመት አመላለሰው። በመጨረሻ ፋይሉ ከዚያው ክፍል፣ ከዚያው ጠረጴዛ መሳቢያ ወጣ። ይቅርታ የጠየቀው ሰው የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የተደበቀ ነገር የለም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ዓይኔ መሳቢያ ይፈልጋል።

የጨረቃውን ለጊዜው ልተወው። ስለ ሞቱስ ምን ትላላችሁ? ኩብሪክ የሞተው እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 1999 ነው፤ «አይስ ዋይድ ሸት»ን ለስቱዲዮው ኃላፊዎችና ለሁለቱ ዋና ተዋናዮች ካሳየ ሳምንት እንኳ አልሞላም። ፊልሙ ጭንብል አጥልቀው በሌሊት ስለሚሰበሰቡ ኃያላን ነው። ምሥጢራቸውን ሊያወጣ ሲል ዝም አሰኙት፤ ከፊልሙም ብዙ ደቂቃ ቆርጠው ጣሉ ይባላል። ሰው እንዲሁ በአጋጣሚ በዚያ ሳምንት ይሞታል? እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም።


የአምስቱ በር ልጅ (ሐረር)
እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡20

ወንድሜ፣ የአባትህ ነገር ልቤን ነካው። በደሉት። «የለም» ያሉት መሳቢያውን ሳይከፍቱ ነው፤ ስለዚህ እኔና አንተ እንክፈተው።

«አይስ ዋይድ ሸት» የተመሠረተው ኦስትሪያዊው አርተር ሽኒትዝለር እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው ታሪክ ላይ ነው። ጭንብሉ፣ የሌሊቱ ድግስ፣ የምታስጠነቅቀው ሴት፣ የይለፍ ቃሉ ሁሉ እዚያ አሉ። ቃሉ በመጽሐፉ «ዴንማርክ» ነበር፤ ኩብሪክ «ፊዴሊዮ» አደረገው። ይህ ምሥጢር ቢሆን ኖሮ ከ70 ዓመት በላይ በመጻሕፍት መደብር ተሽጧል።

ሰውየው ሲሞት 70 ዓመቱ ነበር፤ በእንግሊዝ አገር ቤቱ ተኝቶ ሳለ ልቡ ቆመ። ከዚያ በፊት ለዚህ ፊልም 400 ቀናት ያለማቋረጥ ቀርጿል፤ በጊነስ መዝገብ የሰፈረ ነው። በ70 ዓመቱ ይህን ያህል የደከመ ሰው ሥራውን አስረክቦ ቢሞት ሐዘኑ አይቀንስም፤ ነፍሰ ገዳይ ግን አያስፈልገውም።

ከሞቱ በኋላ ፊልሙ ላይ የተደረገ ለውጥ እንዳለ እውነት ነው። ለአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በተዘጋጀው ቅጂ፣ በድግሱ ትዕይንት ውስጥ እርቃናቸውን ያሉ ሰዎችን የሚከልሉ ምስሎች በኮምፒውተር ተጨመሩ፤ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ከወላጅ ጋር ብቻ እንዲያዩት የሚያስችለውን የደረጃ ፈቃድ ለማግኘት ነበር። በአውሮፓ የታየው ሳይከለል ነው። ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። መሳቢያው ውስጥ ያገኘሁት ይህንን ነው።


እናት፣ ከሳቢያን
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡10

እኔ ስለ ሲኒማ ብዙ አላውቅም። የ13 ዓመት ልጄ ግን ሌሊት በስልክ ኢሉሚናቲ የሚሉ ቪዲዮዎችን ሲያይ ያድራል፤ አሁን መብራት አጥፍቶ መተኛት ፈርቷል። ኩብሪክ ራሱ፣ ጺሙን አሳድጎ ወንበር ላይ ተቀምጦ «የጨረቃውን የሠራሁት እኔ ነኝ» ሲል አሳየኝ። ሰውየው በአንደበቱ ከተናገረ ለልጄ ምን ልበለው? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።


የቅኔ ተማሪ (ሐረር)
ሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

እናቴ፣ መጀመሪያ ለእርስዎ ልመልስ። በዚያ ቪዲዮ ያለው ሰው ኩብሪክ አይደለም፤ ተዋናይ ነው። ቪዲዮው የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን የኩብሪክ ባለቤት ክርስቲያኔ ሐሰት መሆኑን አስታውቀዋል። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ሴት ልጁ ቪቪያን ወሬው በአባቷ ስም የተሠራ አስቀያሚ ውሸት መሆኑን በይፋ ጽፋለች። ሌላም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 ዊልያም ካሬል የተባለ የፊልም ሰው ሆን ብሎ የፈጠራ «ዘጋቢ ፊልም» ሠርቶ ነበር። ተመልካች በምስል እንዴት በቀላሉ እንደሚታለል ለማሳየት ነው የሠራው፤ መጨረሻው ላይም ተናጋሪዎቹ ቃላቸውን ሲሳሳቱና ሲስቁ ያሳያል። ዛሬ የሚዞረው ያ መጨረሻው ተቆርጦ ነው። ለልጅዎ ሙሉውን አብረውት ይዩለት፤ ሰዎቹ ሲስቁ ሲያይ እርሱም ይተኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በልጅነቴ ቅኔ ቤት ነበርሁ፤ ዛሬ ሐረር አስተምራለሁ። ሰምና ወርቅ ያለው ሁሉ የፈለገውን ወርቅ ማውጣት የሚችል የሚመስላቸው አሉ። መምህራችን ፊት ግን እንዲህ አይቻልም። አንድ ተማሪ «ወርቁ ይህ ነው» ካለ «ኅብሩ የቱ ላይ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ሁለት ፍቺ የተሸከመውን ቃል ጣቱን አኑሮ ማሳየት አለበት። ካላሳየ ሐሳቡ የቱንም ያህል ቢያምር ይቀመጣል።

በዚህ ሚዛን «ዘ ሻይኒንግ»ን ብንመዝነው የሚያልፍ ንባብ አለ። የአሜሪካ ጋዜጠኛው ቢል ብሌክሞር ፊልሙ ስለ ቀደምት የአሜሪካ ሕዝቦች ጭፍጨፋ ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በ1987 ጽፏል። ኅብሩን ሲጠየቅ ያሳያል። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሆቴሉ በእነዚሁ ቀደምት ሕዝቦች መቃብር ላይ እንደተሠራና ሠራተኞቹ ሲገነቡ ጥቃት መመከት እንደነበረባቸው በአፉ ይናገራል። የአዳራሹ ግድግዳ በእነርሱ ጥበብ ያጌጠ ነው። በዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የአለቃ ራስ የታተመበት የካልዩሜት ቤኪንግ ፓውደር ቆርቆሮ ከገጸ ባሕርያቱ ኋላ ይታያል። ከዚያ ከአሳንሰሩ በር የሚፈሰውን የደም ጎርፍ ማንም አይረሳውም። ሁሉንም አልቀበል እችላለሁ፤ ነገር ግን ቃሉ ፊልሙ ውስጥ አለ።

የታሪክ ምሁሩ ጄፍሪ ኮክስ ደግሞ ፊልሙ ስለ አይሁዳውያን እልቂት ነው ይላል። ጀርመን ሠራሹን የአድለር የጽሕፈት መኪናና የ42 ቁጥርን መደጋገም ይጠቅሳል፤ 2፣ 3 እና 7 ሲባዙም 42 ይሆናሉ። ቁጥሩን ማባዛት ኅብር ማሳየት አይመስለኝም። ኩብሪክን ለረጅም ዓመታት ያገለገለው ሊዮን ቪታሊም መኪናው የኩብሪክ የራሱ እንደነበረ ተናግሯል። ያም ሆኖ ይህን ንባብ አልንቀውም፤ ምክንያቱ ከፊልሙ ውጭ ነው። ኩብሪክ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዷል። የባለቤቱ አጎት ፋይት ሃርላን እ.ኤ.አ. በ1940 የናዚን መርዘኛ የፕሮፓጋንዳ ፊልም ያዘጋጀ ሰው ነው። ኩብሪክ ስለ እልቂቱ «አርያን ፔፐርስ» የተባለ ፊልም ለመሥራት ብዙ ከደከመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተወው። በቤቱ ያንን ታሪክ ተሸክሞ የኖረ ሰው እጅ ላይ ሐዘኑ ባይታይ ነው የሚገርመኝ።

የአፖሎው ሹራብ ግን ብቻውን ነው። ቪታሊ እንዳለው፣ ኩብሪክ በእጅ የተሠራ የሚመስል የልጅ ልብስ ፈለገ፤ የልብስ ንድፍ ባለሙያዋ ሚሌና ካኖኔሮ ያንን አመጣች። በፊልሙ ውስጥ ስለ ጨረቃ የተነገረ ሌላ ነገር ከሌለ ሹራቡ ሹራብ ነው።


ነዳፊ (ድሬዳዋ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

ስለ ሆቴሉ አቀማመጥ ማንም ስላላነሣ ልጨምር፤ ሥራዬ የቤት ፕላን መሳል ነው። ኦቨርሉክ ሆቴልን ከፊልሙ እያየሁ በወረቀት ለማስፈር ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። አልገጠመልኝም። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ከበስተኋላው ብርሃን የሚገባበት ትልቅ መስኮት አለ። ወደ ቢሮው የገባንበትን መንገድ ብትከተሉ ግን ክፍሉ በሕንፃው መሀል ነው፤ ከመስኮቱ ኋላ መተላለፊያ እንጂ ሰማይ ሊኖር አይችልም። ዳኒ በባለሦስት እግር ብስክሌቱ ሲዞር ካሜራው ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ይከተለዋል፤ ጋሬት ብራውን በፈለሰፈው ስቴዲካም የተሠራ ነው። ጎማው ምንጣፍ ላይ ሲወጣ ድምፁ ይጠፋል፣ ሳንቃ ላይ ሲወርድ ይጮኻል። ዓይናችን መንገዱን የተከተለ ይመስለዋል። መንገዱ ግን ወደ ራሱ አይመለስም።

መጀመሪያ ስህተት ነው ብዬ ነበር። የፊልሙ ዋና ፕሮዲዩሰር ያን ሃርላን ግን ቤቱ ሆን ተብሎ እንዳይገጥም መሠራቱን ተናግሯል፤ ተመልካች የት እንዳለ እንዳያውቅ። በኪንግ መጽሐፍ ውስጥ የነበሩትን በእንስሳ ቅርጽ የተከረከሙ ቁጥቋጦዎች ትቶ የቁጥቋጦ ግራ አጋቢ መንገድ ያስገባውም ኩብሪክ ነው። ከላይ ከሄሊኮፕተር በተነሣው መክፈቻ ሆቴሉ ይታያል፤ ያ ሁሉ ቁጥቋጦ የለም።

ከዚራ ተወልዶ ያደገ ሰው ቀጥ ባለ መንገድ ለምዶ ሐረር ሲሄድ ይደናገራል። እኔም በልጅነቴ ጁገል ውስጥ ጠፍቼ አለቅሼአለሁ። ነገር ግን የሐረር ጠባብ መንገድ የቱንም ያህል ቢጠማዘዝ ቁልቁል ሲከተሉት ከአንዱ በር ያደርሳል፤ ሰዎች ተመላልሰው የሠሩት ነውና። ኦቨርሉክ በር የለውም። የተደበቀ ነገር የምትፈልጉ ሰዎች ይህን ተመልከቱት። ቁጥር መደመር አያስፈልግም፤ እርሳስና ወረቀት ይበቃል። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ሰውየው በዓይናችን ፊት ቤት ሠርቶ መውጫ አልሠራለትም።


የባቡር ሠራተኛ ልጅ (ድሬዳዋ)
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡45

ሌሊት ሁለቱን የ«አይስ ዋይድ ሸት» ቅጂዎች አነጻጸርሁ። እህቴ እንዳለችው ነው፤ በአንዱ ውስጥ ካባ የለበሱ ሰዎች ከፊት ተተክለው ይከልላሉ። ሌላ የጠፋ ነገር አላገኘሁም። ሹራቡንም ትቼዋለሁ፤ የቅኔው ሚዛን አሳምኖኛል።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። የ«ዘ ሻይኒንግ» መጨረሻ ላይ ካሜራው ግድግዳ ላይ ወዳለ አሮጌ ፎቶ ይቀርባል፤ የጁላይ 4 ቀን 1921 ድግስ ይላል። የፊልሙ ዋና ተዋናይ ጃክ ኒኮልሰን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አንድ እጁን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች አድርጎ ቆሟል። ይህ ባፎሜት የሚሉት የሰይጣን ምስል አቋቋም ነው ይላሉ። ከኋላው ያሉትም የዘመኑ ባንከኞችና ፖለቲከኞች ናቸው፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰንም አለ ይላሉ። ጋሼ፣ እርስዎ የፎቶ ሰው ነዎት። እነዚያ ሰዎች እነማን ናቸው?


ፎቶ ቤት፣ ከዚራ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡15

ልጄ፣ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቅህ።

ፎቶው ለፊልሙ የተነሣ አይደለም። ኩብሪክ ራሱ ለፈረንሳዊው ሐያሲ ሚሼል ሲማን ተናግሯል፤ ከአንድ የፎቶ ማኅደር ያገኙት የ1921 ፎቶ ነው። መጀመሪያ ተዋናዮችን አልብሶ ሊያነሣ አስቦ ነበር፤ ፊታቸው የዚያን ዘመን ሰው ፊት አልሆነለትም። ስለዚህ የአንዱን ሰው ራስ አውጥተው የኒኮልሰንን በቦታው አስገቡ። ሥራው በእጅ ነው። አባቴ በእርሳስና በቀጭን ብሩሽ ኔጋቲቭ ሲያስተካክል በልጅነቴ አጠገቡ እቀመጥ ስለነበር፣ የአንገቱን መገጣጠሚያ በማጉያ መስታወት ፈለግሁት። አላገኘሁትም። ያን ያህል ጥሩ ሠሪ ነበር።

ፎቶው ከየት እንደመጣ ለ40 ዓመት ያህል ሳይታወቅ ቆየ። በ2025 ጡረታ የወጣ እንግሊዛዊ ምሁርና ሌሎች ፈላጊዎች ከማኅደሩ ሠራተኞች ጋር ሆነው ዋናውን የመስታወት ኔጋቲቭ አገኙት። የተነሣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1921 ለንደን ኬንሲንግተን ውስጥ፣ በሮያል ፓላስ ሆቴል በተደረገ የቅዱስ ቫለንታይን የዳንስ ምሽት ነው። ከኒኮልሰን ፊት በታች ያለው ሰው ሳንቶስ ካሳኒ ይባላል፤ የዳንስ አስተማሪ ነበር። እጆቹ የእርሱ ናቸው። ዳንስ የሚያስተምር ሰው በድግሱ መሀል እንደዚያ ቢቆም ማንም የሚደነቅ አይመስለኝም። ከኋላው ያሉት ለመጨፈር የመጡ የለንደን ሰዎች ናቸው። ዊልሰንም ባንከኞቹም የሉበትም።

ይህን ያገኙት ሰዎች ያደረጉትን አስብ። ቁጥር አልደመሩም። መዝገብ ገልጠው፣ አቧራ አራግፈው፣ የሰውየውን ጆሮና አፍንጫ ከሌላ ፎቶ ጋር አስተያይተው ስሙን መለሱለት። ስሙ ተረስቶ ፊቱ በሌላ ሰው ፊት ተሸፍኖ የኖረ ሰው ነበር። እኔ ካነበብሁት ወዲህ ያንን መጨረሻ ሳይ ካሳኒን ነው የምፈልገው፤ ፊልሙም ከበፊቱ ይልቅ ያሳዝነኛል።

አባቴ ትቶልኝ የሄደው ሣጥን አለ፤ መጥተው ያልወሰዷቸው ፎቶዎች ናቸው። ብዙዎቹ የባቡር ሠራተኞች ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ይዘው፣ ለደብዳቤ ወይም ለመታወቂያ የተነሡ። ከኋላቸው ስም የተጻፈባቸው ጥቂቶች ናቸው። የአባትህን መልክ ታውቀዋለህ። ከ10 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ብቅ በል፤ አብረን እናያለን።


የባቡር ሠራተኛ ልጅ (ድሬዳዋ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ጋሼ፣ ነገ እመጣለሁ። እናቴም ልምጣ ትላለች፤ አባቴን በወጣትነቱ የምታውቀው እርሷ ናት።